ኃላፊዋ አንቺ ነሽ

ጸጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ፊት በሳሙና አረፋ ሸፍኖ ምላጩን ሊያነሳ ሲል ቧንቧው አንድ ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ዘጋው፤ መልሶ ከፈተው። ምንም የለም።

«ወንድሜ» አለው ደንበኛውን፣ «ወይ ከነአረፋህ ቢሮ ትገባለህ፣ ወይ ኢንጂነሯ እስክትራራልን እዚሁ ወንበር ላይ ታረጃለህ።»

«ምን አድርገናት ነው?»

«ትናንት ዘነበ አይደል? እኛ ያዘነብነው መስሏት ነው።»

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ፤ ሳቁ ግን የምሬት ነበር። በዚያው ሰዓት ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን ዘርግፎ ቆሟል፤ እናቶች የነከሩትን ልብስ ትተው ባልዲ ይዘው ጎረቤት ለጎረቤት ይሯሯጣሉ፤ በትምህርት ቤቱ መጸዳጃ በር ላይ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። በዚያች ከተማ የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይጠፋል። አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይጠፋና እንደ አካሄዱ ሁሉ ሳይናገር ይመለሳል። ለምን እንደሚጠፋ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ምክንያት ግን ነበረው። የከተማው ውሃ የሚመጣው ከተራራው ሥር ካለ ምንጭ ነው። ከምንጩ በላይ ከብት ይሰማራል፤ ሰውም ይጸዳዳል። በደረቁ ወራት የተጠራቀመውን ቆሻሻ የመጀመሪያው ጎርፍ ጠራርጎ ወደ ምንጩ ያወርደዋል። ስለዚህ የወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ሰው ሁሉ «ኢንጂነሯ» የሚላት ሴት፣ ሰማዩ ማካፋት ሲጀምር የጎማ ቦት ጫማዋን አድርጋ ወደ ተራራው ትወጣለች። ዋናውን መዝጊያ ታስዘጋለች፤ በማጠራቀሚያው ያለውን ውሃ አስደፍታ ታሳጥባለች፤ መድኃኒት ታስጨምራለች፤ ናሙናው ንጹሕ መሆኑን ራሷ ካረጋገጠች በኋላ ታስከፍታለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ለሕዝቡ አንዲት ቃል አትናገርም። ጸሐፊዋ አንድ ጊዜ «ማስታወቂያ ብናስነግርስ?» ብትላት፣ «ሥራዬን ልሥራ ወይስ ወሬ ላውራ?» ብላ ነው የመለሰችላት።

ሥራዋን ታውቃለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ተወዳድራ ፈተና አልፋ፣ ከላይ ተሹማ የመጣች ናት። በእሷ ጊዜ የቧንቧ ውሃ ጠጥቶ የታመመ ሰው አልነበረም። ያልታመመ ሰው ደግሞ አያመሰግንም፤ ለምን ጤነኛ እንደሆነ አያውቅማ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሱቋ ከጸጉር አስተካካዩ ቤት ጎን ነው። መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንኳ ማውራት የማይሳናት፣ የማን ልጅ በአንድ ክረምት እንደተመዘዘ፣ የማን ወገብ በሐሳብ እንደቀጠነ በሜትሯ የምታውቅ ሴት ናት። ከተማው ሚስጥሩንም ቁልፉንም የሚያስቀምጠው እሷ ዘንድ ነበር።

ውሃው በጠፋበት በዚያ ቀን ጸጉር አስተካካዩ ሥራ ፈትቶ ሱቋ ገባ። ጡረተኛው መምህር ሱሪያቸውን ሊያስጠብቡ መጥተው ኖሮ ክርክር ተነሳ።

«ጥፋቱ የሹመቱ ነው» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «ሹሙ ከላይ ይመጣል፣ ውሃው ከታች ይቀራል። እኛ ብንመርጣት ኖሮ ከመዝጋቷ በፊት ሁለቴ ታስብ ነበር።»

«እኔን የሚያስፈራኝ ያ ሁለቴ ማሰቧ ነው» አሉ መምህሩ። «አንተ ቀዶ ሕክምና ልትገባ ስትል፣ ከሐኪሞቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው የትኛው ነው ብለህ ትጠይቃለህ? ቢላዋው የሚሰጠው ለሚያውቅበት ነው።»

«ሐኪሙም ቢሆን እኮ ጋሼ፣ የት ጋ እንዳመመኝ ይጠይቀኛል። እሷ ሳትጠይቅ ነው የምትቀደው።»

«እህቴን ተዉልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ ከመስፊያ መኪናዋ ቀና ሳትል። «እንቅልፍ የላትም እኮ። አሁንም ተራራው ላይ ናት።»

«ተራራው ላይ መሆኗን አንቺ ነገርሽን። እሷ ምን አፏን ያዘው? አንቺ ሱሪ ሳይደርስልሽ ሲቀር እንኳ ቤት ድረስ መጥተሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። አንቺ ብትሆኚ ትነግሪን ነበር።»

ነገሩ እንዲህ በጨዋታ ተጀመረ። የወረዳው ምክር ቤት የሕዝቡን ምሬት አይቶ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ከእንግዲህ በድምፅ እንዲመረጡ ሲወስን ግን ጨዋታው ቁም ነገር ሆነ። ለውሃው ልብስ ሰፊዋ ትቁምልን የሚሉ ሰዎች ሱቋን አጨናነቁት። እሷ ከሁሉ በፊት ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ኢንጂነሯ አላገባችም፤ የምትኖረው ከእናታቸው ጋር ነው።

«እትዬ» አለቻት፣ «አንቺ ትወዳደሪያለሽ?»

ኢንጂነሯ ከምታነበው ጋዜጣ ቀና አላለችም። «ያለፍኩትን ፈተና እንደገና ጸጉር አስተካካይ እንዲያርምልኝ?»

«እንግዲያው እኔ ልቁም? ሰዎቹ እየገፋፉኝ ነው። ካልወደድሽው ግን፣ እውነቴን ነው፣ አላደርገውም። ከጎኔ ካለሽ አንቺ ሥራውን ትይዣለሽ፣ እኔ ሰዉን።»

«እንደፈለግሽ።»

«እንደፈለግሽ ማለት እሺ ነው እምቢ?»

«እንደፈለግሽ ማለት እንደፈለግሽ ነው።»

«ተመረጪና» አሉ እናታቸው ከመኝታ ቤት ብቅ ብለው፣ «የአስተዳዳሪውን ሱሪ አሳጥሪለት፤ መንገድ እየጠረገ ነው የሚሄደው።»

«እማዬ፣ እሱን ካሳጠርኩለት መንገድ ጠራጊዎቹን ሥራ አስፈታቸዋለሁ።»

እናትየው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ኢንጂነሯ ከጋዜጣው በላይ አየቻቸው። እናቷ በእሷ ንግግር የሳቁበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ቦታውን ትፈልገው ነበር። ከማንም በላይ ትፈልገው ነበር። ግን እንዲለምኗት ፈለገች። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ «ያለ አንቺ አይሆንልንም» እንዲላት ጠበቀች። የሚያንኳኳው ሁሉ ግን ታናሽቱን የሚፈልግ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ በሰፊ ድምፅ ተመረጠች። በቅስቀሳዋ የገባችው ቃል አንድ ነው፦ «በእኔ ጊዜ ሳይነገራችሁ ውሃ አይዘጋም።» ምክር ቤቱም ይህን ቃል ደንብ አደረገው፤ ከእንግዲህ ዋናው መዝጊያ ያለ ኃላፊዋ ትእዛዝ አይነካም ተባለ። ኢንጂነሯ ዋና ባለሙያ ተብላ ወደ ቀጣዩ ክፍል ተዛወረች። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነበር።

ቅናት በትልቅ ነገር የሚጀምር ይመስለናል። እሷን መጀመሪያ ያቃጠላት መጋረጃ ነው። አዲሷ ኃላፊ ከሱቋ የተረፈ ቢጫ ጨርቅ አምጥታ ለቢሮው መስኮት መጋረጃ ሰፋች። የገባው ሁሉ «ቢሮው ነፍስ ዘራ እኮ» ይላል። ኢንጂነሯ በዚያ ክፍል ስትሠራ ፀሐይ ፊቷን ሲጠብሰው ነው የኖረው፤ መስኮቱ ራቁቱን መሆኑን ያየላት ሰው አልነበረም። ሻዩን አስቀምጣ ትሸሽ የነበረችው ጽዳት ሠራተኛ አሁን ቁጭ ብላ ታወጋለች። እሷን ሲያዩ ኮሪደሩን የሚቀይሩት የቧንቧ ሠራተኞች አሁን ጠዋት ጠዋት ሰላም ሊሉ ይገባሉ። በግድግዳው በኩል ሳቅ በተሰማ ቁጥር ብዕሯ ይቆማል፤ ምን ብላ እንዳሳቀቻቸው ለመስማት ጆሮዋን ትጥላለች፤ ሲሰማትም ይብሳታል፤ ሳይሰማት ሲቀርም ይብሳታል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ እህቷ ክፉ አለመሆኗ ነው። ክፉ ብትሆን መጥላት ይቀላል። ባለጉዳይ ሲመጣ «ይህን እህቴን ጠይቋት፤ እኔ አላውቀውም» ትላለች። አንድ ቀን እራት ላይ ኢንጂነሯ ከአፏ አመለጣት።

«እሷ አላውቅም ስትል አይ ትሕትና ይሏታል። እኔ አውቃለሁ ስል አይ ኩራት ይሉኛል።»

እናቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ሰው የሚያመሰግነው የሚያየውን ነው። አንቺ የሠራሽውን መቼ አሳይተሽን ታውቂያለሽ? እኔ እናትሽ እንኳ ተራራ ላይ ምን እንደምትሠሪ የሰማሁት ከእህትሽ ነው።»

«አሁንም ለእሷ ወገንሽ።»

«ለማንም አልወገንኩም። ሾርባሽን ጠጪ፤ ቀዘቀዘ።»

ሾርባውን ትታው ተነሳች። በዚያን ጊዜ በልቧ የነበረውን ኋላ ራሷ ተናግራዋለች፦ አንድ ቀን ትሳሳት። አንድ ቀን ብቻ ትሳሳትና ማን እንደሆንኩ ይወቁ።

ያ ቀን ብዙ አልቆየም። በገበያው ቀን ዋዜማ፣ ከምሳ በኋላ፣ የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። ኢንጂነሯ በመስኮቷ የተራራው አናት ሲጠቁር አየች። ተነስታ ወደ እህቷ ቢሮ ገባች። ጸጉር አስተካካዩ ሻይ ይዞ ቢጫው መጋረጃ ሥር ተቀምጧል፤ የሆነ ነገር አውርቶ ሁለቱም ገና ከሳቃቸው አልበረዱም።

«መዝጊያው መዘጋት አለበት» አለች።

«እንዴ፣ ኢንጂነር» አለ ጸጉር አስተካካዩ፣ «ዛሬ ደግሞ ስንት ሰው በሳሙናው ሊያስቀሩ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ሸፈነች፤ ሳቋ ግን በጣቶቿ መሃል አመለጠ። ወዲያው ፊቷን ሰብሰብ አደረገችና «ይቅርታ፣ እትዬ» አለች። «እኔ የምልሽ፣ ሳልነግራቸው አልዘጋም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ዛሬ ማታ በድምፅ ማጉያ ላስነግርና ነገ ከገበያ በኋላ ብንዘጋስ፤ ይደርሳል?»

ኢንጂነሯ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«አደጋ አለው እንዴ? አደጋ አለው ካልሽኝ አሁኑኑ ይዘጋ። ቃሌም ቢሆን ይቅር።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ አዎ። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። መጋረጃውን አየችው። የጸጉር አስተካካዩን ፊት አየችው፤ ሳቁ ገና ከጥርሱ አልወረደም።

«እኔ አስተያየቴን ሰጥቻለሁ» አለች። «ኃላፊዋ አንቺ ነሽ።»

በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

«ተቆጣች» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«ባንተ ቀልድ ነው። ጉዳዩ አደገኛ ቢሆን ግን ትለኝ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እህቴ አይደለች?»

ሲመሽ ኢንጂነሯ ትልቁን ድስት ጥዳ ውሃ ማፍላት ጀመረች። እናቷ ገረማቸው። «ምነው ዛሬ?»

«ለጉሮሮሽ ብዬ ነው። ሳል ይዞሽ የለ? የቧንቧውን ተይው፤ ከዚህ ጠጪ።»

«ተባረኪ» አሉ እናትየው፤ ደስ አላቸው። ይህች ልጃቸው ስለ ጉሮሯቸው ስታስብ ብዙም አላዩም።

በዚያው ሰዓት የድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሠፈሩ ስታልፍ ተሰማ። የታናሽቱ ድምፅ ነው፤ በሱቋ እንደምታወራው አድርጋ፣ ረጋ ብላ ትናገራለች። ነገ ከሰዓት በኋላ ውሃ ይዘጋል። ምንጩ በጎርፍ ስለሚደፈርስ ለማጽዳት ነው። እንዳትቸገሩ ዛሬውኑ ውሃ ቅዱ፤ በጀሪካን፣ በባልዲ፣ ባላችሁ ዕቃ ሁሉ አጠራቅሙ።

ሰዉ ደስ አለው። እንዲህ ተነግሮት አያውቅማ። ቧንቧዎች ሁሉ ተከፈቱ፤ የጎርፉ ቆሻሻ የገባበትን ውሃ ከተማው በገዛ እጁ እየቀዳ ቤቱ አስቀመጠው። ሲያዩት እምብዛም አልደፈረሰም ነበር።

ኢንጂነሯ ይህን ሁሉ ከመስኮት ሆና ሰማች። ሄዳ ጫማዋን አደረገች። የእህቷ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ድስቱ ፈልቶ ሳይገነፍል ደርሳ ትመለስ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ግን አንድ ነገር አሰበች፦ አሁን ብነግራት፣ ነገ ሰዉ የሚያመሰግነው ማንን ነው? ጫማዋን አወለቀች።

ሕመሙ የጀመረው በገበያው ማግሥት ነው። መጀመሪያ ልጆች፣ ከዚያ ሽማግሌዎች። የጤና ጣቢያው አልጋ ሞልቶ በሽተኞች በኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ ተኙ። ነርሶቹ ጨርቅና ባልዲ እያቀባበሉ ሲሯሯጡ፣ ልብስ ሰፊዋ እጅጌዋን ጠቅልላ ከእነሱ ጋር ትሯሯጥ ነበር፤ ተቀመጪ ያላትን ሁሉ እያለፈች። ናሙና ተወሰደ፤ ነገሩ ከውሃው እንደሆነ ታወቀ። ያን ጊዜ በድምፅ ማጉያ «ያጠራቀማችሁትን ድፉ» ተባለ። ብዙው ግን ተጠጥቷል።

ጸጉር አስተካካዩ ከድሮም ኩላሊቱ ደካማ ነበር። ሲያስገቡት ለነርሷ «በዚህ ከተማ ውሃ በዝቶበት የታመመ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ» አላት። በማግሥቱ ቀልዱ ቆመ። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ጠዋት ሞተ።

ስለ ሚስቱ ብዙ አልጽፍም። ከቀብር መልስ የሱቁን በር ራሷ እንደከፈተች፣ ወንበሩን እንደወለወለች፣ ከዚያም መልሳ እንደዘጋችው ያዩ ነግረውኛል። የቀረውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

በዚያ ቀን ኢንጂነሯ ከቀብሩ ስትመለስ እናቷን ከምድጃው አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው። እጃቸው ድስቱ ላይ ነው።

«ለጉሮሮዬ ብለሽኝ ነበር» አሉ።

ኢንጂነሯ በሩ ላይ ቆመች።

«እኔ ደግሞ ተባረኪ አልኩሽ። ከዚህ ሁሉ ሰው መርጠሽ እኔን አተረፍሽኝ ማለት ነው። የእህትሽ ልጆች ጠጥተው ቢሆንስ? ሰውየው ስንት ዘመን ጸጉሬን በነጻ ሲቆርጥልኝ ኖረ፤ እሱስ?»

«የሷ ትእዛዝ ነው እማዬ፤ መዝጋት የምትችለው እሷ…»

«እሱን ለምክር ቤቱ ንገሪ። እኔ ስለ ትእዛዝ አልጠየቅኩሽም።» ድስቱን አንስተው የቀረውን ውሃ ደፉት።

ስብሰባው የተጠራው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ሰዉ በመስኮት ሳይቀር ተንጠልጥሏል። አስተዳዳሪው ንግግሩን ሳይጨርስ ጩኸት ተነሳ። «ሱሪ ሰፊ ምን ውሃ ታውቃለች?» አለ አንዱ፤ ድምፁን የሰጣት እሱ ነበር። «ስንመርጥ ዓይናችን የት ነበር?» አለች ሌላዋ። «ምርጫው ይቅር፤ የተማረ ይሾምልን!»

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። ከስታለች፤ የሰፋችው ልብስ ሰፍቷታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ውሃ አጠራቅሙ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። የማላውቀውን ነገር በደንብ ሳልጠይቅ ቀን አሳለፍኩ። ቦታውን ዛሬ እለቃለሁ። የሟቹን ቤተሰብ ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አፍ የለኝም።»

ይህን ብላ ተቀመጠች። እህቴን ጠይቄያት ነበር አላለችም። አደጋ አለው ወይ ብያት ነበር አላለችም። በዚያ ክፍል የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል፤ አንዷ ዝም ብላለች።

አስተዳዳሪው ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረ። «ኢንጂነር፣ በድለንዎታል። እርስዎ እያሉ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብን አያውቅም። ሕዝቡ ከተስማማ ዛሬውኑ ወደ ቦታዎ እንዲመለሱ እንለምንዎታለን።»

አዳራሹ ጨበጨበ። መምህሩ ሳይቀሩ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ኢንጂነሯ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ድምፅ ይህ ነበር፤ «ያለ አንቺ አይሆንልንም»። ተነሳች። ጭብጨባው ጋብ እስኪል ቆመች። እህቷ አንገቷን ደፍታለች። ከኋላ ረድፍ የጸጉር አስተካካዩ ሚስት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያታለች፤ እሷ አላጨበጨበችም።

«ተቀመጡ» አለች ኢንጂነሯ። «ጭብጨባው አይገባኝም። እህቴ ጠይቃኛለች። ዝናቡ በጣለ በዚያው ሰዓት አደጋ አለው ወይ ብላ ጠይቃኛለች፤ አለው ካልሽኝ አሁኑኑ ይዘጋ ብላኛለች። እንዳለው አውቅ ነበር። ኃላፊዋ አንቺ ነሽ ብያት ወጣሁ። ማታ ለቤቴ ውሃ አፈላሁ። ለናንተ አልነገርኩም።»



«ለምን?» አሉ መምህሩ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የሚያስረዳቸው የፈለጉ እንጂ።

«ስለምትወዷት» አለች ኢንጂነሯ። ሌላ ምክንያት ፈልጋ ያጣች ትመስል ነበር። «እንድትጠሏት ፈለግኩ።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ እህቷን አየቻት። ብዙ ሰው የጠበቀው ስድብ ነበር፤ ወይም ልቅሶ። «እኔ እኮ» አለች በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ብትለምኚኝ እተውልሽ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ኢንጂነሯ ተመረመረች፤ በሕግ የሚገባትን ቅጣት ተቀበለች፤ ከደረጃዋም ዝቅ ተደረገች። እህቷ ቦታውን ለቃ ወደ መስፊያ መኪናዋ ተመለሰች። ሕዝቡ «ኃላፊው ይመረጥ ወይስ ይሾም» እያለ ወራት ተከራከረ፤ መጨረሻ ላይ መምህሩ ሁለቱን አስታርቀው ያቀረቡት ሐሳብ አሸነፈ። ኃላፊው በሕዝብ ይመረጥ፤ ለሕዝቡ የሚናገረውና የሚጠየቀው እሱ ይሁን። ባለሙያው ግን በፈተና ይቀጠር፤ ውሃው አደገኛ ነው ካለ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ይዝጋ፤ የዘጋበትን ምክንያት ግን በዚያው ሰዓት ለሕዝቡ ይናገር። ዝም ብሎ መዝጋትም፣ ዝም ብሎ መተውም ጥፋት ሆኖ ተደነገገ።

ይህ ጥሩ ደንብ ነው። በየወረዳው ቢሠራበት እመኛለሁ። የማያውቅ ሰው በመወደዱ ብቻ የብዙዎችን ሕይወት መያዝ የለበትም፤ የሚያውቅም ሰው በማወቁ ብቻ ከሕዝብ ጥያቄ በላይ መሆን የለበትም። ነገር ግን ወገኖቼ፣ ስንመርጥም ሆነ ስንሾም ወንበሩ ላይ የምናስቀምጠው ቅናትም ፍቅርም የሚያድርበት ልብ ያለውን ሰው ነው። ያቺ ሴት ዕውቀት አልጎደላትም፤ ደንቡም ቢሆን አፏን አልዘጋባትም። በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየቤታችንም፣ «እኔን አልጠየቁኝም»፣ «የኔ ሥራ አይደለም»፣ «እሱ ነው ኃላፊው» ብለን የባልንጀራችንን መውደቅ ቁጭ ብለን የምንጠብቅ ስንቶቻችን ነን? የጠበቅነው ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም። ከሥሩ ሰው አለ።

በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጀምር ኢንጂነሯ መዝጊያውን ዘጋች። ቅጣቷን ጨርሳ በተራ ባለሙያነት ነበር የምትሠራው። አዲሱ ኃላፊ በድምፅ ማጉያ ሲያስነግር፣ እሷ ከተራራው ወርዳ፣ ጭቃዋን ሳታራግፍ ወደ ጸጉር አስተካካዩ ቤት ሄደች። ሚስቱ በሩን ከፈተችና ቆመች፤ ግቢ አላለቻትም።

ኢንጂነሯ ደጅ ላይ እንደቆመች ነገረቻት። ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ይዞ እንደሚወርድ፣ ማጠራቀሚያው ለምን እንደሚታጠብ፣ በቤቷ ያለውን ውሃ ምን ማድረግ እንዳለባት። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ለአንድ ሰው ይህን ያህል አስረድታ አታውቅም።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«ከባድ አይደለም እኮ» አለች። «እሱም ቢሰማው ይገባው ነበር።»

ከዚያ ወደ ቤት ገባች። ኢንጂነሯ ወደሚቀጥለው በር ሄዳ አንኳኳች።